የሐኪሙን ክኒን ያስተውኩህ እኔ ነኝ

ሞላዬ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላን አንድ ወር ቀረው። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ተመስገን» እላለሁ። ላንተ ግን እንደዚያ አልጽፍም። ደህና አልነበርኩም። አሁን ትንሽ ቀለል ብሎኛል፤ እንዴት እንደቀለለኝ ልንገርህ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ። ሚኒባሷን ሸጥናት። የገዛት የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው፤ እዚያው ያንተው መስመር ላይ ይነዳታል። በደጃችን ስታልፍ በሞተሯ ድምፅ አውቃታለሁ። ልጃችን ሰብለ ጎንደር ትምህርቷን ቀጥላለች። ስትመጣ አንተ በምትቀመጥበት በኩል አትቀመጥም፤ እኔም አላስቀምጣትም። ደባርቅ እንደምታውቀው ነው፤ ብርዱ ያው፣ ቱሪስቱ አንዳንዴ ብቅ ይላል፣ ከስሜን በኩል ጭጋጉ ሲወርድ የጎረቤቱን በር እንኳ ይሸፍነዋል። እኔ ጭጋግ ሲሆን አልወጣም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።

መንጃ ፈቃድህን ልታሳድስ ለምርመራ የሄድክበትን ቀን አልረሳውም። ሐኪሙ ደምህ ውስጥ ቅባት በዝቷል፣ ግፊትህም ከፍ ብሏል ሲልህ ሳቅህ መጣ። «ዶክተር፣ እኔ እንዲህ ከስቼ ቅባቱ ከየት መጣ?» አልከው። መንገድ ላይ ምን እንደምትበላ ጠየቀህ። ከኪስህ ያንን ኢነርጂ ባር የሚሉትን ጣፋጭ አወጣህ፤ ፈረንጆቹን ተራራ ስታደርስ እየሰጡህ የለመድከውን፣ በኋላ ከሱቅ እየገዛህ ምሳህ ያደረግከውን። ሽፋኑ ላይ ተራራና የእህል ዛላ ተስሏል። ሐኪሙ ገልብጦ ጀርባውን አነበበና «አቶ ሞላ፣ ጤናው ሽፋኑ ላይ ብቻ ነው፤ ውስጡ ስኳርና የረጋ ዘይት ነው» አለህ። ክኒን አዘዘልህ፤ የረጋውን ዘይት ከቤት አስወጡ፣ ተልባ፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ ለውዝ ይሻላችኋል ብሎ መከረን።

እኔ ትሰማዋለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንተ ግን ሰማኸው። በየቅዳሜው ዳባት ላይ መኪናህን አቁመህ ከእማማ ይታይሽ ተልባ ታሰፍር ጀመር። እኔ ቆልቼ እወቅጠዋለሁ፤ ጠዋት በጥብጬ አቀርብልሃለሁ። ለመንገድህም ገብስ ቆሎ በሱፍና በለውዝ ቀላቅዬ በላስቲክ እቋጥርልህ ነበር። መናኸሪያ ያሉት ሹፌሮች «ሞላ እንደ ወፍ ጥሬ ለቀመ» እያሉ ሲስቁብህ እያፈስክ ታድላቸው ነበር አሉ። በሦስተኛው ወር ስትመረመር ቅባቱ ወርዶ፣ ግፊትህም ተስተካክሎ ተገኘ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ!

ዝም አላልኩም። በየከተማው እየዞረች የብልቃጥ መድኃኒት የምትሸጠው ያቺ ሴት መጣች። አዳራሽ ተከራይታ ሴቶችን ሰበሰበች፤ እኔም ሄድኩ። የሰው አካል እንደ ብረት ይዝጋል፣ ዝገቱን የሚያጥበው አንቲኦክሲዳንት ነው አለች። ዝገት ምን እንደሆነ የሹፌር ሚስት አይነገራትም፤ ወዲያው ገባኝ። ስንወጣ ደግሞ ጠጋ ብላ «የሐኪም ክኒን ጉበት ይበላል፤ ይሄን ከጀመረ ያን ይተወው» አለችኝ። ፈራሁልህ። ከእሷ የገዛሁትን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ብልቃጥ ይዤ ገባሁና ቁርስ ላይ ፊትህ አስቀመጥኩት። «ሁለት መድኃኒት ባንድ ሆድ አታጋጭ፤ የሐኪሙን ተወው» አልኩህ። ረጅም ጊዜ አየኸኝ። ከዚያ «አንቺ ካልሽ» አልክ። ሌላ ቃል አልተናገርክም። የሐኪሙን ክኒን በገዛ እጄ አንስቼ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየህም።

የዚያን ቀን የሆነውን የነገረችኝ አብራ ተሳፍራ የነበረች አስተማሪ ናት። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጠዋት ነው፤ ጭጋግ ወርዷል። ሰው አንድ በአንድ እየገባ «ደህና አደርክ» ይልሃል። አንተ መሪውን ይዘህ ወደፊት ታያለህ። መኪናው ሞላ። አልተንቀሳቀስክም። «ጭጋጉ እስኪገልጥ እየጠበቀ ነው፣ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሹፌር ነው የሚያስፈልገው ብለን አመሰገንን» አለችኝ። ሁሉም ተቀምጠው ጠበቁ። ኋላ ፀሐይ ወጣች። ጭጋጉ ተነሣ፤ መንገዱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ወለል ብሎ ታየ። አንተ አሁንም መሪውን እንደያዝክ ነህ። ያን ጊዜ ነው ትከሻህን የነካችህ።

ሐኪሙን ብቻዬን ሄጄ ጠየቅኩት። ክኒኑን ባያቋርጥ ይተርፍ ነበር ወይ አልኩት። «እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም። ማቋረጥ ግን አልነበረበትም» አለኝ። ያንን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁና አፌን ዘጋሁ። ለቀስተኛው ቀኑ ደርሶ ነው ሲል እኔም ቀኑ ደርሶ ነው አልኩ።

በአርባህ ዕለት እህትህ ደስታ ብልቃጡን መደርደሪያ ላይ አየችው። ለእሷም ያንተው ዓይነት ሕመም እንዳለባት ተነግሯት ክኒን ጀምራ ነበር። «ሞላ ይሄን ይወስድ ነበር?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። አዎ ብቻ። ብልቃጡን አቅፋ ወሰደችው። ሲያልቅባትም ሌላ አስመጣች። ቤቷ ስሄድ የሐኪሙ ክኒን አቧራ ለብሶ አየሁት። ተናገሪ ተናገሪ ይለኛል ሆዴ። ብናገር ግን ያንተን ነገር መናገሬ ነው። ወራት እንዲህ አለፉ።

እንግዲህ ዋናውን ልንገርህ።

የዛሬ አምስት ሳምንት ቅዳሜ ዳባት ወረድኩ፤ አንተ ከሄድክ መጀመሪያዬ ነው። ተልባ አምሮኝ ነው እንጂ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። እማማ ይታይሽ እዚያው ቦታቸው ተቀምጠዋል። ገና ሰላም ሳልላቸው በጨርቅ የተቋጠረ አንሥተው ዘረጉልኝ።

«ምንድን ነው እማማ?»

«ተልባሽ ነዋ። ሞላ ማልዶ መጥቶ አሰፍሮልሽ ነው የሄደ።»

ሌላ ሞላ መሰለኝ። «የትኛው ሞላ?» አልኳቸው።

«ያንቺው ነዋ! ሌላ ማን አለኝ? ተቀመጥ ብለው እንቢ አለ። ‹መንገደኞቹ ገብተው ተቀምጠዋል፤ እኔን ነው የሚጠብቁ› አለኝ።»

ጨርቁን ስቀበላቸው እርጥብ ነበር፤ ጭጋግ ውስጥ የዋለ ልብስ እንደሚርሰው። ዙሪያዬን አየሁ። ሰው ይገዛል፣ ይሸጣል፣ በግ ይጎትታል።

«ሌላስ ምን አለዎት?» ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

«‹ሚስቴን ያ ወይን ጠጅ ብልቃጥ አሁን በማን እጅ ነው ብለው ይጠይቁልኝ› አለ።»

ሞላዬ፣ ስለዚያ ብልቃጥ ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም ነበር።

ባገኘሁት መኪና ተመለስኩ። ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ እስከ ደባርቅ ድረስ ማጅራቱን አየሁት፤ ሲንቀሳቀስ ለማየት። ወርጄ በቀጥታ ደስታ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነው። ራሷን በነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራለች፤ ዓይኔ ጭልምልም አለብኝ፣ ግራ እጄም ደነዘዘ አለችኝ። ብልቃጡ ከጎኗ ነው።

«ደስታ፣ እሱን ተይው። የሐኪሙን ክኒንሽን ውሰጂ።»

«የወንድሜ እጅ የነካው ነው፤ ለምን እተወዋለሁ?»

«ሞላ የሐኪሙን ትቶ ይሄን ብቻ ሲወስድ ነው የሞተው። ያስተውኩት እኔ ነኝ።»

ብልቃጡን አየችው፤ ከዚያ እኔን። ጎረቤት አንዲት ዶሮ ታስካካለች።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

ልትነሣ ስትል ተንገዳገደች። ያዝኳት። «አትንኪኝ!» አለችኝ፤ ግን ሙሉ ክብደቷ እኔው ላይ ነበር። እንደዚያው ደግፌ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋት፤ ሆስፒታል እስክንደርስ «አትንኪኝ» ማለቷን አላቆመችም፤ እኔም አልለቀቅኳትም። ግፊቷ አስፈሪ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ «ነገ እንሄዳለን ብትሉ ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር» አለችን። አስተኝተዋት ሰነበተች። እጇ ተመለሰ። ክኒኗን ጀመረች።

ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። አንድ ማለዳ ግን በሬን አንኳኩታ ገባችና ቆማ «ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ» አለች። «አይመስለኝም» አልኳት። ትንሽ ቆይታ «ተልባውን ሳታሳርሪ እንዴት እንደምትቆዪው አሳይኝ» አለችኝ። እሳት አቀጣጠልኩ። አብረን ቆላን።

ባለፈው ቅዳሜ ተመልሼ እማማ ይታይሽ ዘንድ ሄድኩ። ያሉኝን አስታወስኳቸው። ደነገጡ። «እኔ? ልጄ፣ ሞላ እኮ ሞቷል፤ ቀብሩ ላይ መጥቼ አልቅሻለሁ» አሉኝ። አጠገባቸው ልጃቸው አበባ ነበረች። ወደ ጎን ስባኝ እናቷ የዛሬውንና የድሮውን ማምታታት ከጀመሩ መክረማቸውን ነገረችኝ። የመንገደኞቹንም ነገር ለቅሶ ላይ ሳይሰሙት አልቀሩም አለች። ብልቃጡንስ? «ሞላ እኮ ሁልጊዜ ይነግራት ነበር» አለችኝ። «‹ሚስቴ ፈርታልኝ ነው፤ እንዳይከፋት ብዬ እውጠዋለሁ እንጂ ልቤ አላመነውም› ይላት ነበር።»

የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ታውቅ ነበር ማለት ነው። ያን ጠዋት ረጅም ጊዜ ያየኸኝ ለዚህ ነው። ቁጣህን ብችለው ይሻለኝ ነበር፤ ይሄኛውን እንዴት እንደምችለው ገና አላወቅኩም።

ሁሉም ነገር ምክንያት አገኘ ብዬ ልነሣ ስል አንድ ነገር ጠየቅኳት። ያን ቀን ተልባውን የቋጠረው ማን ነው? አበባ ወደ እናቷ ዞር አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «የእማዬ ጣቶች መቋጠር ካቃታቸው ዓመት አልፏል፤ የምቋጥረው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን እኔ ስደርስ ተቋጥሮ ነበር» አለችኝ። እኔም ብልቃጡ ወደ ሌላ ሰው እጅ መሻገሩን ማን ነገራቸው ልላት ነበር። አላልኳትም። ሁለታችንም የእናቷን እጆች አየን፤ ከዚያ በላይ አልተጠያየቅንም።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። አዘኑልኝ፤ ቀኖናም ሰጡኝ። ለሰብለም ነግሬያታለሁ። ስልኩን ይዛ ብዙ አለቀሰች፤ በማግስቱ መልሳ ደወለች።

ያቺ ሻጭ የፊታችን እሑድ ደባርቅ ትመጣለች አሉ። ከታች ሰፈር ስኳር ያለባት፣ ልብ የሚያማት፣ ሁሉም ሊሄድ ተዘጋጅቷል። እኔም እሄዳለሁ። ተነሥቼ ስምህን እጠራለሁ፤ ምን ትወስድ እንደነበር፣ ምን እንዳስተውኩህ፣ ማን እንዳስተወህም እናገራለሁ። ሰው የሚለኝን ይበለኝ። ደስታ «ብቻሽን አትቆሚም» ብላኛለች። ይቅርታ ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም።

የኔ ጌታ፣ ሰው ሙቱን የሚያስታውሰው ደጉን ደጉን እየመረጠ ነው። እኔ አንተን በሙሉህ ነው የማስታውስህ፤ ከሳቅህ ጋር፣ እኔን ላለማስከፋት ዝም ካልከው ዝምታ ጋር። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ያን ዝምታህን እኔ እናገርልሃለሁ።

ሚስትህ
ጥሩወርቅ