የሐጂ አማና እና የጋሽ ይማም ጡረታ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም ያው የጡረታ ቅጽ። ዱቄቱ ጠረጴዛዬ ድረስ ገብቷል፤ እስክሪብቶው አልጽፍ አለ። ጋሽ ይማም በሚቀጥለው ወር ስድሳ ይሞላቸዋል። እዚህ ወፍጮ ቤት ዐሥራ ሦስት ዓመት ፈጭተዋል። ከጡረታ መ/ቤት የመጣው ወረቀት ግን መዋጮ የገባላቸው ለአምስት ዓመት ብቻ ነው ይላል። ዐሥር ዓመት ካልሞላ የወር ጡረታ የለም፤ አንዴ ዳረጎት ይሰጧቸውና በቃ። ደብተሬ፣ እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ሰባት ወር አልሞላኝም። ለማላውቀው ጉድ መልስ ሰጪዋ እኔ!

ከሰዓት። ባለቤቱን ሐጂን ጠየቅኋቸው። ፈገግ አሉ። ከሠራተኛው ደሞዝ ሰባት በመቶ ሲቆርጡ፣ ከራሳቸው ዐሥራ አንድ ሲጨምሩ ኖረዋል፤ ለመ/ቤቱ ግን አላስገቡም። በየሰዉ ስም በጨርቅ ቋጥረው ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። የሰው አማና፣ የሰው አደራ፣ ለማላውቀው አሳልፌ አልሰጥም ነው ነገሩ። የዛሬ አምስት ዓመት ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲያስገድዳቸው ነው በደንቡ ማስገባት የጀመሩት። የድሮው ቋጠሮ እንዳለ ቀረ። አንድ ሳንቲም አልጎደለም ብለው ማሉልኝ። ማን ጎደለ አላቸው?

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

መ/ቤቱ ደወልኩ። የኋላው መዋጮ ከነቅጣቱ ከገባ አገልግሎቱ ይያዝላቸዋል። ሐጂ ቅጣት ሲባል ደማቸው ፈላ። የማንንም አልበላሁም፣ ለምን እቀጣለሁ? ቋጠሮውን ለራሱ ለይማም አስረክበዋለሁ አሉ። ጋሽ ይማምም ደስ አይላቸው መሰለሽ! ለቤታቸው ቆርቆሮ ሊገዙበት። በየወሩ እስከ ዕድሜ ልክ የሚመጣውን ትተው ቆርቆሮ! እሳቸው ቢያልፉ ለሚስታቸው ለእትዬ ዘይነባ ግማሹ እንደሚቀጥል አስረዳሁ። እሳቸው ግን ሐጂን አላስቸግርም፣ አለቀ አሉ። ጩኺ ጩኺ አለኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

እትዬ ዘይነባን ራሴ ሄጄ ጠራኋቸው። መጡ። ሐጂ ፊት ቆመው፦ «ሐጂ፣ እናከብርዎታለን። ግና እሱ ቢሞት እኔ ቆርቆሮ ልብላ?» ሐጂም እሺ፣ ቅጣቱንም እከፍላለሁ አሉ። አልሐምዱሊላህ! ሣጥኑ ሰኞ ይከፈታል። ዛሬ ሥራዬን ወደድኩት።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ተከፈተ። ቋጠሮው ተፈታ። አሮጌው ብር። ሁሉም!

አገር ሁሉ ብር ሲቀይር ሐጂ የራሳቸውን ባንክ ወስደው ቀይረዋል። አማናውን አልነኩም። አማና አይነካማ! የስምንት ዓመት መዋጮ ዛሬ ሱቅ ቢወስዱት ከረሜላ አይገዛም። ሐጂ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ልቆጣ ብዬ ተውኩት።

ጋሽ ይማም ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አፉ ብያለሁ፣ ዱዓ ብቻ ያድርጉልኝ ብለው የሐጂን እጅ ሳሙ። ተላቀሱ። እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እሳቸውን ማን ጠየቀ? ማንም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሐጂ ገና ሳልቀመጥ ጠሩኝ። ይማም አፉ ብሎኛል፣ ነገሩ አልቋል፣ ቅጹ ላይ አምስት ዓመት ብለሽ ሙዪው አሉ። የይማም አማና ነበር፣ ይማምም ይቅር አለ፤ ከእንግዲህ መዋጮውንም ቅጣቱንም የሚከፍሉበት ምክንያት አልታያቸውም። ሁለት ወፍጮና አንድ የጭነት መኪና ያላቸው ሰው! ክፉ አይደሉም፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ቅጹን አወጣሁ። የተቀጠሩበት ዘመን ይላል። እውነተኛውን ጻፍኩ። ሰባት በመቶ ሲቆረጥ የኖረበትን የደሞዝ መዝገብም ቅጂ አያያዝኩ፤ በሐጂ በራሳቸው እጅ የተጻፈ ነው። ነገ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ሐጂም ጋሽ ይማምም ይቀየሙኝ።

ጡረታ መ/ቤቱ ወዳለበት ወደ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ እየሞላ ነው። ሁለት ወንበር ይዣለሁ፤ አንዱ የእትዬ ዘይነባ ነው።