በአንድ ትንፋሽ፦ የአቶ ለቢብ ተውፊቅ ሚኻኢል የሕይወት ታሪክ

አቶ ለቢብ ተውፊቅ ሚኻኢል ከአባታቸው ከአቶ ተውፊቅ ሚኻኢልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈህሚያ ጋድ፣ በግብፅ ከሚኒያ ከተማ ማዶ በዓባይ ምሥራቅ ዳር፣ ከነጩ ተራራ ሥር በምትገኝ መንደር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1956 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ።

አባታቸው ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። ማታ ከተራራው ሲወርዱ ፀጉራቸውም ቅንድባቸውም ነጭ ሆኖ ስለሚገቡ፣ ትንሹ ለቢብ አባቱን ሽማግሌ እያለ አድጓል። አቶ ተውፊቅ ግን እውነተኛ ሽበት ሳያዩ በአርባ አንድ ዓመታቸው ሞቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈህሚያ በየምሽቱ አንድ ጣሳ የጎሽ ወተት እየሰጧቸው “ጠጣ፣ አቧራውን ያጥብልህ” ይሏቸው ነበር። በዚያ አገር ድንጋይ የሚቆርጥ ሰው ሁሉ ወተት ይጠጣል። የተራራው ሰው የሚያውቀው መድኃኒት እሱ ነው።

አቶ ለቢብ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ የሁለተኛ ደረጃውን በየጠዋቱ በጀልባ እየተሻገሩ በሚኒያ ተከታትለዋል። በ1977 በአስዩት ከተማ በነርስነት ተመረቁ፤ ወታደራዊ አገልግሎታቸውንም በጦር ሠራዊት ሕክምና ክፍል ፈጸሙ። በ1982 በሐጂ ሱልጣን አብደልመውላ የእብነ በረድ መቁረጫ ፋብሪካ የጤና ክፍል ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ ክፍሉ አሥራ ሰባት ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት አንድ ጠባብ ክፍል ነበር፤ ከእርሳቸው በቀር ሌላ ሠራተኛ አልነበረውም።

ዋናው ሥራቸው ወተት ማደል ነበር። በመጋዝ ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሊትር ወተት እፊታቸው ጠጥቶ ይፈርማል። ሐጂ ሱልጣን ክፉ አሠሪ አልነበሩም፤ ዛሬም አይደሉም። ወተቱን ከራሳቸው እርሻ ያስመጡ ነበር፤ አንድም ቀን አላቋረጡም። አቶ ለቢብም እናታቸው ለአባታቸው ይሉ የነበረውን እየደገሙ “እስከ ጠብታው ጠጣ፣ ደረትህን ይጠርጋል” ይሉ ነበር።

በ1985 በሚኒያ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር ከነበረችው ከአዋጢፍ ሐሊም ጋር በቅዱስ መርቆሬዎስ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሲልቫናንና አባኑብን ወለዱ።

በ1988 ፋብሪካው ለሥራ ጤና ሥልጠና ወደ ካይሮ ላካቸው። በሁለተኛው ቀን አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ከሰው ጉሮሮ የሚወርዱ ሁለት ቧንቧዎች ሥለው ጠየቁ። “አቧራው የሚገባው በየትኛው ነው? ወተቱ የሚወርደውስ?” ክፍሉ ሳቀ። አቶ ለቢብ አልሳቁም። ከካይሮ ተመልሰው ሦስት ቀን እህል በወጉ አልቀመሱም፤ በአራተኛው ቀን ለባለቤታቸው “ስድስት ዓመት ሙሉ ወተት እያጠጣሁ ሸኘኋቸው” አሏት። በዚያ ጊዜ ውስጥ አራት ሰዎች ከመጋዙ ወደ መቃብር ወርደው ነበር። ወተቱ ማንንም አልገደለም። ግን ሁሉም ታክመናል ብለው ስላመኑ፣ አፉን የሸፈነ ወይም መጋዙ ላይ ውኃ ይፍሰስ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ባለቤታቸውም እነዚያኑ ሁለት ቧንቧዎች በየዓመቱ ለተማሪዎቿ ስትሥል ኖራለች። የትምህርት ቤቱን ነገር ትምህርት ቤት ትታ ትመጣ ነበርና፣ የባሏን የወተት መዝገብ እያየች አንድም ቀን አልጠየቀችም። ይህ እዚህ የተጻፈው እርሷ እንዲጻፍ ስለፈለገች ነው።

አቶ ለቢብ ወደ ሐጂ ሱልጣን ገብተው በየመጋዙ ላይ የውኃ ቧንቧ እንዲዘረጋ ጠየቁ። ሐጂ ሳቁ። “ድንጋይ ነው የምንቆርጠው ለቢብ፣ ሸሚዝ አይደለም የምናጥበው!” አሏቸው። እርሳቸውም “ሐጂ፣ ሸሚዝዎን ለማጠብ ውኃ አይነፍጉም፤ የዓዝሚ ሳንባ ከሸሚዝዎ ያንሳል?” ብለው መለሱ። ዓዝሚ በዚያ ዓመት በሠላሳ አራት ዓመቱ የሞተ መጋዝ ሠራተኛ ነበር። ሐጂ ለአንድ መጋዝ ፈቀዱ። ለሙከራ አጠገቡ ማን ይቁም ሲባል፣ አቶ ለቢብ እጀታቸውን ሰብስበው ራሳቸው ቆሙ። ሁለት ወር ቆሙ። በተከታዩ ዓመት ውኃው ለሁሉም መጋዝ ተዳረሰ።

ከሠራተኞቹ ጋር የነበረው ሙግት ግን የከበደ ነበር። ወተቱ ሊቀር ነው ተብሎ ተወራ። “ሐኪም ለቢብ ወተታችንን ለድመቱ ሊወስድ ነው!” እያሉ ከደረጃው ሥር ተሰበሰቡ። እርሳቸው ግን ወተቱን አላስቀሩም፤ እፊታቸው መጠጣቱን ብቻ አስቀሩ። “ለልጆቻችሁ ውሰዱት፣ ምግብ ነው። መድኃኒት አይደለም” አሏቸው። ባለቤታቸውም ሁለቱን ቧንቧዎች በትልቅ ወረቀት ሥላ ሰጠቻቸው፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ ከክፍሉ ግድግዳ አልወረደም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የደረጃው ሥርዓትም ያኔ ተጀመረ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዱ መጋዝ ሠራተኛ አሥራ ሰባቱን ደረጃ ሳያርፍ ወጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ የልጆቹን ስም በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። ጠርቶ ያልጨረሰ ደመወዙ ሳይነካ ወደ ግቢ ሥራ ይዛወራል፤ ሐኪምም ያየዋል። ዘጠኝ ልጆች የወለደው ሐምዳን አሽሪ “ኧረ ፍርድ አጉድለሃል ሐኪም ለቢብ! እዚያ ማዶ ሁለት የወለደ አለ፣ እኔን ዘጠኝ ታስቆጥረኛለህ!” እያለ ሰውን ያስቅ ነበር። በ1994 ሰባተኛው ስም ላይ ቆመ። “የልጄ ስም ጠፋኝ” ብሎ ሊያልፍ ሞከረ። አቶ ለቢብ “ስሙ አልጠፋህም፣ አየሩ ነው የጠፋህ” ብለው በዚያው ቀን ከመጋዙ አወረዱት። ሐምዳን ዛሬ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከእናንተ መካከል ተቀምጧል።

አቶ ለቢብ ጤና ከደረት ብቻ እንደማይጀምር ያምኑ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ሠራተኛ አርባ ቀን ከመጋዙ እንዲርቅ ያደርጉ ነበር፤ “ልቡ ቤቱ የቀረ ሰው ከስለት አጠገብ አይቆምም” ይሉ ነበር። በረመዳን ጾም ወራት የቀትሩ ፈረቃ ወደ ማለዳ እንዲዛወር አድርገዋል። የፈረቃ አለቆች ሥራ እንዲፋጠንላቸው ውኃውን የሚዘጉበት ጊዜ ስለነበር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በቀን ሁለት ጊዜ በመጋዞቹ መካከል እየዞሩ ቧንቧዎቹን በእጃቸው ይዳስሱ ነበር። ውኃው ተዘግቶ ሲያገኙም እስኪከፈት ድረስ ከዚያ አይነቃነቁም ነበር።

በ1997 ለመጋዝ ሠራተኞች በየዓመቱ የደረት ራጅ እንዲነሣ አስወሰኑ። የስም ዝርዝሩን የሚጽፉት እርሳቸው ነበሩ። በፋብሪካው መዝገብ የቢሮ ሠራተኛ ተብለው ስለሰፈሩ የራሳቸው ስም በዝርዝሩ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከሁሉም በፊት ደረጃውን ወጥተው “ሲልቫና፣ አባኑብ” ይሉና ሥራቸውን ይጀምሩ ነበር። ከዘጠኝ ልጆች አባት ይልቅ የሁለት ልጆች አባት ፈተና ቀላል እንደሆነ ሐምዳን በቀልድ ነግሯቸው ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

በ2016 ጡረታ ወጡ፤ ሐጂ ሱልጣን ስለለመኗቸው ግን በሥራቸው ቀጠሉ። ሳል የጀመራቸው ያኔ ነው። ባለቤታቸው ስትጠይቃቸው “የቆየ ጉንፋን ነው፣ ይልቅ ሻዩን አምጪው” ይሏት ነበር። በ2021 የገና ምሳ ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ማዕዱን ሲባርኩ፣ እንደ ልማዳቸው ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን በስም ጠሩ። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች፣ አምስት ስሞች ነበሩ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ልጆቹ ዕንባ የተናነቃቸው መሰላቸው። ነገሩ የገባቸው ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። እርሷ ጭልፋውን አስቀመጠች፤ እርሳቸው ዐይናቸውን ከእርሷ መለሱ። በሳምንቱ በተነሣው ራጅ ሳንባቸው እንደ አባታቸው ሳንባ ድንጋይ ለብሶ ተገኘ።

ከነሐሴ 2021 ጀምሮ በቤታቸው በኦክስጅን እየታገዙ ቆዩ። ሕመማቸውን አላማረሩም። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ሆነው ነጩን ተራራ ይመለከቱ ነበር። ከ2014 ጀምሮ ረዳታቸው የነበረችው ነርስ ሂባ ልትጠይቃቸው ስትመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ውኃው ነበር። “ይፈስሳል ጋሼ፣ በእጄ ነክቼ ነው የመጣሁት” ስትላቸው ይረካሉ። ባለቤታቸውን የሚያስፈራት ሌላ ነገር ነበር፤ ሂባም በመዝገቡ የቢሮ ሠራተኛ ነበረች።

አቶ ለቢብ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2022 ጠዋት በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

በዚያው ቀን የሰማንያ አራት ዓመቱ ሐጂ ሱልጣን በምርኩዝ እየተደገፉ ወደ ሟቹ ቤት መጡ። ከአዋጢፍ አጠገብ ተቀምጠው “ልጄ፣ አርባ ዓመት እሱ ሲጠይቀን ኖረ። እኔ አንድ ቀን ‘አንተስ ለቢብ?’ አላልኩትም” አሏት። እርሷም “እኔ ጠይቄዋለሁ ሐጂ። የመጀመሪያውን መልስ ተቀብዬ ዝም አልኩ እንጂ” አለቻቸው። ለመጽናኛ ምን ላድርግ ብለው ሲጠይቋት አንድ ነገር ለመነች፤ ከእንግዲህ በራጁ ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው ስም የዝርዝሩ ጸሐፊ ስም ይሁን፤ ሠራተኞቹን የምትጠብቀዋን ነርስም የሚጠብቅ ሐኪም ከውጭ ይምጣ። ሐጂ ፋብሪካውን አሁን የሚመራውን ልጃቸውን ጠርተው እዚያው ኀዘን ቤት ውስጥ አስፈረሙት። የዘንድሮው ዝርዝር በሂባ ስም ይጀምራል። ዛሬ በአቶ ለቢብ ቀብር ሰዓት መጋዞቹ ሁሉ ቆመዋል።

አሁን በሕይወት ያሉ ቤተሰቦቻቸውን ስም መጥራት ይቀራል። ባለቤታቸው አንባቢውንና እናንተን ሁሉ የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ ትንፋሽ ስባችሁ፣ ሳታቋርጡ፣ አብራችሁ በልቡናችሁ በሉላቸው፦

አዋጢፍ፣ ሲልቫና፣ አባኑብ፣ ካራስ፣ ዮስቲና፣ ትንሹ ተውፊቅ፣ እህታቸው በሂጋ፣ ወንድማቸው ነሲም።

ትንፋሹ ያልደረሰለት ሰው ካለ አይፈር፤ ጉንፋን ነውም አይበል። ቅዳሜ ጠዋት ሂባ ከደረጃው ራስ ላይ ትጠብቀዋለች።

የብዙዎችን ትንፋሽ የጠበቁትን የአቶ ለቢብን ነፍስ፣ ትንፋሽን የሰጠ አምላክ አቧራ በማይነሣበት አገር፣ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።