ከፖርት ሱዳን የመጡት ሁለት ዓሦች

መጋቢት 12 ቀን 2002 ዓ.ም. መተማ ዮሐንስ

ሻይ ቤቴን ላስጌጥ ብዬ ዛሬ ከፖርት ሱዳን ዕቃ ከሚያስመጣ ባለሱቅ ውሃ በያዘ ላስቲክ የታሸጉ ሁለት የባሕር ዓሣ ገዛሁ። የመስታወት ገንዳ ጨው ባለው ውሃ ሞልቼ ስጠብቃቸው ነበር። ባለሱቁ ከገንዳው ውሃ ጋር እንዴት ቀስ በቀስ እንደማላምዳቸው የሚገልጽ ወረቀትም ሰጠኝ። ከማታ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንደኔ የሚያነብ ማን አለና! ዓሦቹን ከነላስቲካቸው በረንዳው ላይ አስቀምጬ፣ የጉምሩክ ተራ ለሚጠብቁት ሾፌሮች ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ሚስቴ፣ «አንተ ሰውየ፣ ዓሦቹ ተቀቀሉ እኮ!» አለች።

«ዝም በይ፣ ሁለት መስመር ነው የቀረኝ።»

የመጨረሻው መስመር «ላስቲኩን ፀሐይ እንዳያገኘው» ይላል። እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ አይጻፍም?

አንዱ ሞተ። ሌላው በጎኑ ተኝቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ወረቀቱ እንዳለው የገንዳውን ውሃ በስኒ እየቀዳሁ ላስቲኩ ውስጥ ቀስ ብዬ እጨምርለታለሁ። ተነሥ እንጂ አንተ፣ ሾፌሮቹ ነገ ሊያዩህ ይመጣሉ…