ለማክሰኞ የሚተርፍ እራት ስለማጣታችን

ለቤተሰብ አመጋገብ ምክር ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ መላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ሳህን ሳይጨርሱ ከገበታ በመነሣት በሚገኘው በዚያ መልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አለን።

እኔ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ የምተኩስ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሸከማል፤ አማቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃችንና አራት ዓመት የሞላው ማሙሽ አብረውን ይኖራሉ። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልዎ «ሰባት ቀላልና ርካሽ እራቶች ለአምስት ሰው ቤተሰብ» ብለው ያሳተሙት ባለቀለም መጽሔት ስለ እኛ የተጻፈ ስለመሰለን ነው። እርስ በርስ ተያይተን ልክ አምስት ሆነን ስለተገኘን ደስ ብሎን ነበር።

መጽሔቱን ከትምህርት ቤት ያመጣችው ልጄ ናት። የታተመ ነገር ካገኘች የጨው ከረጢት ላይ ያለውን እንኳ ሳትጨርስ አትተውም። ሰፈር ውስጥ ክርክር በተነሣ ቁጥር «ተጽፏል እኮ» ብላ ስለምትፈርድ «ዳኛዋ» ይሏታል። እርስዎንም ያላንዳች ይግባኝ ተቀብላ፣ የሳምንቱን ዕቅድ ከነፎቶግራፉ ከምድጃው በላይ ለጠፈችው።

እንግዲህ ለድካምዎ ያለኝ ምስጋና እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ያጋጠሙንን ጥቃቅን ችግሮች በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ሰኞ ማታ አንድ ሙሉ ዶሮ እንድንቀቅል ይመክራሉ። አማቴ ይህ ሲነበብላቸው «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኛም በዶሮው ፋንታ ምስርና ሩዝ ቀቀልን። ዶሮው እንደሆነ ፎቶግራፉ ላይ አምሮበታል፣ እግዜር ይስጥልን።

፪ኛ. ሁሉንም በጅምላ መግዛት እንደሚያዋጣ መግለጽዎ ፍጹም ትክክል ነው። ዘይት በትንንሽ ላስቲክ እየቋጠረ ለዕለት ለዕለት ለሚሸጥልን ባለሱቅ ምክርዎን ባነበብኩለት ጊዜ በሳቅ ብዛት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰውየው ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሲስቅ አይቼው ስለማላውቅ፣ በእሱም ስም አመሰግንዎታለሁ።

፫ኛ. በሃያ ደቂቃ ይበስላል ስላሉት ደረቅ ባቄላ ምንም አልልም። ባቄላው መጽሔቱን አላነበበም።

፬ኛ. የማክሰኞ እራትዎ «ከትናንት የተረፈ አምስት ኩባያ ምግብ ይውሰዱ» ብሎ ይጀምራል፤ የረቡዕም፣ የሐሙስም፣ እስከ እሑድ ያሉትም እንደዚሁ። እኛ ቤት ድስቱን ማሙሽ በዳቦ ጠራርጎ ስለሚያስረክበኝ ለማጠብ እንኳ አልቸገርም። ስለዚህ እኔ ይህን አንብቤ አልፌዋለሁ፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ብዙ ነገር አንብቦ ማለፍ ይለምዳል። ዳኛዋ ግን አላለፈችውም።

ሰኞ ማታ ግማሹን በልታ «ጠገብኩ» አለችና ሳህኗን ራሷ አነሣች። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም ጠገብኩ አለች። የቀረውን ለወንድሟ የምትሰጠው መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ቶሎ የሚጠግብ አንድ ሰው መገኘቱ እፎይታ ነው። ያመንኳት ማመኑ ስለጠቀመኝ ነው። አፍራለሁ።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሳለች ወደቀች። አስተማሪዋ አስጠርታኝ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ነርሷም መርምራት ስታበቃ ልጅቷ ምግብ እንጂ መድኃኒት እንደማያስፈልጋት በትሕትና ነገረችኝ። ቤት ገብቼ የምትቀይረው ልብስ ላወጣላት ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። የእኛ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ስለሆነው የታጠፈ ልብስ ነው የምናስቀምጥበት። ከታጠፉት ልብሶቿ ኋላ አራት የቆርቆሮ ኩባያዎች በሳህን ተከድነው ተደርድረዋል። በየላያቸው በእጅ ጽሑፏ ቀኑ ተጽፏል፤ መጽሔትዎ እንዲያ አድርጉ ይላልና። ሦስቱ ሸትተዋል።

ምንድን ነው ይሄ ብዬ ብጠይቃት «እማዬ፣ ማክሰኞን ለመጀመር እኮ አንድ ብቻ ነው የቀረን» አለችኝ።

አልጮህኩም፣ አላለቀስኩምም። ምግቡን ደፍቼ ኩባያዎቹን አጠብኩ፤ ቅዳሜ ሥራ ገብቼ አንሶላዬን ተኮስኩ። መናደድ እንደሚገባኝ ዐውቃለሁ፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልመጣም። ከመጣ ሌላ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ።

አሁን ያስቸገረን ነገር ይህ ነው። ገጹን ከግድግዳው ገነጠልኩት፤ እሷ ግን በቃሏ ይዛዋለች። አባቷ እያጎረሰ ይለምናታል፤ አማቴ «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም፣ የጻፈው ሰው አያውቅሽም ልጄ» ይሏታል፤ እኔም ሳህንሽን ጨርሺ እላታለሁ። እሷ «የት ተጽፏል?» ትለናለች። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፣ ግማሹን ሳታስቀር አትነሣም። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጠበብኩላት። የእናት ቃል አይታተምም፣ ማኅተምም የለው።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎን የምጠይቀው ዶሮም ዘይትም አይደለም። በመሥሪያ ቤትዎ ወረቀት ላይ፣ በታይፕ ተጽፎ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት አንድ መስመር ለልጄ እንዲጽፉላት ነው፦ «ሳህንሽን ጨርሺ።» ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለምረዳ ዐረፍተ ነገሩን እኔ አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ የሚቀርዎት ፊርማ ብቻ ነው። እባክዎ ከዚህ ሳምንት አይለፍ።

ምክርዎ ከቤታችን፣ ትርፋችንም ከመጽሔትዎ እንዳይለይ እየተመኘሁ፣ በጋለ ካውያና በቀዘቀዘ ትሕትና ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የዳኛዋ እናት፣
ሳህናቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ከሆነው አንባቢዎችዎ አንዷ

ማሳሰቢያ፦ በመጽሔቱ መጨረሻ ገጽ ላይ ተሞልቶ እንዲመለስ ያዘዙትን ቅጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ። «ምክራችንን በመከተል በዚህ ሳምንት ስንት ኩባያ ምግብ አተረፉ?» ለሚለው ጥያቄ ልጄ ከመውደቋ በፊት ባለው ማታ «አራት» ብላ ሞልታዋለች። ለዓመታዊ ሪፖርትዎ ይጠቅማልና እንዳይረሱት።