ደረጀ የቀላቀለው ቲማቲም

ማክሰኞ

ልጄ ደረጀ መንጃ ፈቃድ ተከለከለ። ወሬውን ያመጣችው ሂሩት ልጄ ናት፤ ወንድሟ እኔን ካነጋገረኝ ዓመታት አልፈዋል። ዓይኑን ሲመረምሩት ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ አሳዩት። ሌላው ሰው ቁጥር በሚያነብበት ገጽ ላይ እሱ ነጠብጣብ ብቻ አየ። ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ከተወለደ ጀምሮ!

«ሐኪሙ ወንድ ልጅ ይህን የሚወርሰው ከእናቱ ነው ብሎታል» አለችኝ። «እናትየው ራሷ ደህና ታያለች፤ ግን ታወርሳለች። እማዬ፣ ከወንድሞችሽ እንዲህ ያለ ነበር?»

«በእኛ ዘር የለም» አልኳት። አፌ ቀደመኝ።

ረቡዕ

ዋሸሁ። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ይሆናል፤ ለሰው የማልናገረውን ለመጻፍ።

ታላቅ ወንድሜ በርበሬ ልቀም ሲባል ቀዩን ትቶ አረንጓዴውን ይዞ ይመጣ ነበር። አባታችን ይገርፈዋል። እኔ እስቃለሁ።

ደረጀንስ? አትክልት ተራ ገና ከፒያሳ ሳይነሳ፣ እዚያ ስነግድ፣ ቲማቲም ምረጥ ስለው የበሰለውን ከጥሬው ቀላቅሎ ሳጥን ይሞላል። አንድ ቀን ደንበኛ መለሰብኝ። በሳጥን እንጨት መታሁት፣ በነጋዴው ሁሉ ፊት። «ዕውር!» ያልኩት እኔ ነኝ። ተሸካሚው ከአፌ ተቀብሎ «ዕውሩ ደሬ» ይለው ጀመር። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከቤት ወጣ።

አባቱን ነው የወጣው እል ነበር። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀለም አሳምሮ ይለይ ነበር።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ሐኪሙን ስረግም ዋልኩ። ያኔ ማን ነገረኝ? ደግሞ ማንም ባይነግረኝስ፣ እንጨቱን ማን አቀበለኝ?

ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ

ራስ መኮንን ድልድይ ሄድኩ። ደረጀ እዚያ የታክሲ ረዳት ነው። በር ላይ ተንጠልጥሎ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። ሲያየኝ ከበሩ ወረደ።

«ከእኔ ነው» አልኩት። «አጎትህም እንዲሁ ነበር። ለሂሩት የለም ያልኳት ውሸት ነው።»

ሹፌሩ ዞሮ «ደሬ፣ ማዘር ናቸው እንዴ? አስገባቸው እንጂ፣ ምን ያስገትርሃል!» አለ።

ደረጀ ግን «ቀለሙ ሲያቅተኝ ቲማቲሙን በአውራ ጣቴ ጫን እያደረግሁ ነበር የምመርጠው» አለኝ። «ታፈርጠዋለህ ብለሽ በዚያም መታሽኝ።»

ይህን ረስቼዋለሁ። ይቅርታ አልኩት። አንዱን ወጣት አስነስቶ ጋቢናውን አስለቀቀልኝ።

ፒያሳ ስወርድ ክንዴን ያዘኝ። አሮጊቱን ሁሉ እንዲህ ደግፎ ያወርድ እንደሆነ አላውቅም።