በግቢዬ የሚያድሩ ብስክሌቶች

ሰኞ፣ የካቲት 6

ዛሬ ማታ ግቢዬ ውስጥ አራት ብስክሌት ቀረ። ሦስት መሆን ነበረበት።

የሦስቱ ነገር የታወቀ ነው፤ የሆላንዶቹ ናቸው። ኮልፌ የውሃ ፓምፕ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራሉ፣ የሚኖሩት መሃል ከተማ ነው። ጠዋት በአውቶቡስ ጦር ኃይሎች ይወርዱና ከሱቄ ጀርባ ብስክሌታቸውን አውጥተው ዳገቱን ይወጡታል። ማታ መልሰው አቁመው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። እዚያ በቤታቸው በኩል ፌርማታው ላይ ሌላ ብስክሌት ይጠብቃቸዋል። ለአንድ ሰው ሁለት ብስክሌት። ሚስተር ያን መጀመሪያ ሲነግረኝ ሀብታም መሆን አለብህ ብዬው ነበር። አገሩ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው አለኝ፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለሥራ። የሥራው አሮጌ መሆን አለበት፣ ሌባ እንዳይመኘው። የእሱን ሳየው አመንኩ። ሌባ ቢያገኘው አዝኖ ዘይት ይቀባለታል።

የብስክሌት ማቆሚያውን እንጨት የፊት ጎማ እንዲይዝ አድርጌ የሠራሁት እነሱ ሥለው ስላሳዩኝ ነው። ጠዋት እነሱ ሲያወጡ፣ ከዳገቱ ወርደው ከተማ የሚሠሩት የእኛ ሰዎች ያስገባሉ፤ ማታ የእኛዎቹ ሲያወጡ እነሱ ያስገባሉ። ቦታው ባዶ አይውልም፣ ባዶ አያድርም። ከዚህ የተሻለ ንግድ አላውቅም።

አራተኛው የመምህሩ ነው። ስሙን አልጽፍም። ጠዋት ከቀራንዮ ወርዶ አስገባ፣ በአውቶቡስ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ሰዓት እላፊ እስኪቃረብ በሩን ከፍቼ ጠበቅኩት። ከዚህ በፊት አሳድሮ አያውቅም።

ማክሰኞ

አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ መጣች። ሳሙና ጠየቀችኝ። ስሰጣት አልተቀበለችኝም፤ እጄን ያዘች። ትናንት ከትምህርት ቤቱ ሁለት ሰው ተወስዷል። እሱ ትምህርት ቤቱ በር ሳይደርስ ወሬው ደረሰው፣ እዚያው የእህል ጫኝ መኪና ላይ ወጣ። ወደ ጎጃም ነው። ዓባይን እስኪሻገር ከዚህ መጥፋቱ መታወቅ የለበትም፤ ከታወቀ ለየኬላው ይደወላል። ለጎረቤት በጨለማ ይወጣል፣ አምሽቶ ይገባል እያለች ነው። የእሷን ቃል ሐሰት የሚያደርግ አንድ ነገር ብቻ አለ። እኔ ጋ ቆሟል።

«እትዬ አስካለ፣ ይጥፋልኝ» አለች።

እኔም አስቤበት ነበር። ግን ጥላሁን የሚባለው አብዮት ጥበቃ ጠዋት ጎማ ሊያስነፋ ገብቶ አይቶታል። አይቶም «የሆላንድ ዘር እየበዛ ነው፣ አራት ሆኑ» ብሎ ስቋል። ያየውን ነገር ባጠፋው የባሰ ነው። ደብቄው ቢገኝ ደግሞ ሁለታችንም አለቀልን።

እንዲህ ወሰንኩ። ቀን ሱቅ ውስጥ አስገብቼ ጆንያ እጥልበታለሁ። ማታ አውጥቼ እንጨቱ ላይ አቆመዋለሁ። የሚያየው ሰው፣ መምህሩ ጠዋት ወስዶት ማታ መለሰው ይላል።

ሳሙናውን ይዛ እንድትሄድ አደረግኩ። ባዶ እጅ ከሱቅ መውጣት ያስጠይቃል።

ረቡዕ

ጥላሁን ተመልሶ መጣ። አሁን አልሳቀም። መምህሩ በብስክሌት ኬላቸው ላይ ሲያልፍ ካየው ቆየ አለ።

ከሆላንዶቹ ተምሮ ነው አልኩት። ዳገቱን በውይይት ታክሲ ይወጣል፣ ብስክሌቱ እኔ ጋ ያድራል፣ ጠዋት ከዚህ ወደ ከተማ ይነዳዋል፤ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ የአውቶቡስ ሰልፍም ይቀርለታል። ሳልቸኩል ነገርኩት፣ በመሃልም ለአንዲት ሴትዮ ስኳር መዘንኩ።

«ሰው ያለ ብስክሌቱ ያድራል?»

«ያለ ሚስቱ የሚያድር አለ አይደል፣ ጥላሁን።»

ይህ አሳቀው። ሲወጣ ግን ለቀበሌው ሊቀመንበር ነግሬ ነገ ማታ ይዤው እመጣለሁ አለ፤ ሊቀመንበሩ የሆላንዶቹን ነገር ከራሳቸው አፍ መስማት ይወዳል።

ምሳ አልበላሁም። ሚስተር ያንን አውቀዋለሁ። ውሸት አይችልበትም። ባለፈው ወር ሻይዬን ቀምሶ «መጥፎ ነው» አለኝ፣ ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት። ተቀይሜው ሳለ በነጋታው መጥቶ ያንኑ ሻይ ጠጣ።

ሐሙስ

ጠዋት ሆላንዶቹ ሲመጡ የመምህሩን ብስክሌት ገና አላስገባሁትም ነበር። ጓደኞቹ ወጥተው ሄዱ። ሚስተር ያን የራሱን እያወጣ ቆም አለ፣ ጎንበስ ብሎ የመምህሩን ጎማ በጣቱ ነካ።

«ይሄ ከሰኞ ጀምሮ አልተነዳም። ጭቃው የሰኞው ዝናብ ነው። ደርቋል።»

እኔ ጎማውን ለማየት አላሰብኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ጆንያ ሳለብስና ስገፍ ጭቃውን አላየሁትም። ጥላሁን ቢያጎነብስ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።

ዋሽልኝ አላልኩትም። ዛሬ ማታ የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ አገርህ ብስክሌት ሊጠይቅህ ይመጣል፣ የምታውቀውን ንገረው አልኩት። ስለ መምህሩ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ትክ ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውሃ ነው፣ ምን እንደሚያስብ አይያዝም። ከዚያ የራሱን ወደ እንጨቱ መለሰና የመምህሩን አውጥቶ ነድቶት ሄደ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ መንገድ ላይ ሰው ነበር፣ ዘጋሁት።

ቀኑን ሙሉ የደንበኞቼን መልስ እየተሳሳትኩ ዋልኩ።

ማታ ቀድሞ ተመለሰ። ብስክሌቱን ቦታው ላይ አቆመው፣ እስከ ኮርቻው ጭቃ ነበር። ወርክሾፑ ጀርባ ካለው ወንዝ ውስጥ ሳይነዳው አልቀረም። ሊቀመንበሩ ጥላሁንን አስከትሎ ገባ። ልጅ ሳለ ከረሜላ ከእኔ ነበር የሚገዛው፣ እትዬ ይለኝ ነበር። አሁን «ጓድ አስካለ» ነው።

ሚስተር ያን እንደ ፈራሁት አላጋለጠኝም፤ ስለ አገሩ ግን ካሰብኩት በላይ አወራ። ባቡር ጣቢያቸው በር ላይ ብስክሌት እንደ ፍልጥ ተከምሮ እንደሚያድር፤ ሠራተኛው ጠዋት ከባቡር ወርዶ የራሱን ለማግኘት እንደሚዳክር፤ ባለቤቱ የረሳውን ብስክሌት ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት አስሮበት እንደሚጠብቀው። ሊቀመንበሩን አንተ እያለ ነበር የሚያወራው፣ ማንም አላረመውም። ጥላሁን አፉን ከፍቶ ሰማ።

ሊቀመንበሩ ግን ወደ ብስክሌቱ ነው የሄደው። ጎማውን ነካ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ይሄ የመምህሩ ነው። ዛሬ ወጥቷል?»

«ወጥቷል» አለ ሚስተር ያን። «ጠዋት ወጣ፣ ማታ ገባ። ፍሬኑ ግን ጥሩ አይደለም።»

አንድም ውሸት የለበትም። 

ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞር አለ። ፈገግታው ከንዴት የከፋ ነበር።

«ጓድ አስካለ፣ ማን ብስክሌቱን እንዳልወሰደ ከማንም በፊት የምታውቂው አንቺ ነሽ ማለት ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ በየጠዋቱ እመጣለሁ። ያደረው የማን የማን እንደሆነ ትነግሪኛለሽ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ዓርብ

ስሠራ የዋልኩት ይህን ነው።

ብስክሌት ሊወስድ የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ያዝኩ። ለምን በዚህ ዳገት ትሞታለህ? እዚህ አሳድረው፣ ሽቅቡን በታክሲ ውጣ፣ ጠዋት እስከ ሥራህ በር ንዳው። ፈረንጆቹ ሞኝ ይመስሉሃል? ማሳደሪያ አላስከፍልም። በነፃ።

ነፃ የሚለው ቃል እኔ አፍ ላይ ስላላመረ ሁሉም ተጠራጠረ። አንዱ «እትዬ አስካለ፣ ታመሽ እንዳይሆን» አለኝ። መጀመሪያ እሺ ያለው የባንኩ ጸሐፊ ነው፤ ሳቂታ ልጅ ነው፣ ቁልፉን አየር ላይ እየወረወረ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እኔም ሆላንዳዊ ነኝ» እያለ ወጣ። እሱን አይተው ሌሎቹም ተከተሉ።

ሆላንዶቹ ሲመጡ ለእነሱም ቦታ ጠበበ። ሚስተር ያን ዙሪያውን አየ። የራሱን ከአጥሩ አስደግፎ ሄደ።

ብዙ ብስክሌት ካደረ፣ ማደር ምንም ማለት አይደለም። ስሌቱ ይሄው ነው።

ቅዳሜ

ሊቀመንበሩ ገና ሱቁን ስከፍት መጣ። ስም መጥራት ጀመርኩ፤ ከነሥራቸው፣ ከነሰፈራቸው፣ ጎማው የላላውን ከነጎማው። ዘጠነኛው ላይ ሰዓቱን አየ። «በቃ በቃ፣ ሰኞ እሰማሻለሁ» ብሎ ሄደ። መምህሩን አሥረኛ ላይ አድርጌው ነበር።

ረፋድ ላይ የመምህሩ ሚስት ለክብሪት መጣች። የመኪናው ሾፌር ተመልሷል፤ ዕቃውን ደጀን አራግፌዋለሁ ብሏታል። ከደጀን ወዲያ ያለውን እሱም አያውቅም። ዓባይን መሻገሩ ግን ተሻግሯል። ክብሪቱን ስሰጣት ሳንቲሙን ቆጥራ ከፈለችኝ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነ ሰዉ ሁሉ በጊዜ መጥቶ እየወሰደ ወደ ከተማ ነዳ፤ ከሰዓት መልሶት ዳገቱን በታክሲ ወጣ። ሆላንዶቹ ቅዳሜ አይሠሩም፣ ሦስቱ ባሉበት ውለዋል። የመምህሩም ውሏል።

የባንኩ ጸሐፊም የራሱን አልወሰደም። ጠዋትም አልመጣም፣ ከሰዓትም አልመጣም። አብሮት የሚሠራው ልጅ የራሱን ሊያቆም ሲገባ ስለ እሱ ልጠይቀው ብዬ ነበር። ፊቱ ላይ የመምህሩን ሚስት የማክሰኞ ፊት አይቼ ተውኩት።

በሩ አጠገብ ነበር የቆመው። አንስቼ መሃል፣ ከሌሎቹ ጋር አቆምኩት። ጭቃም በውሃ አቡክቼ ጎማውን ቀባሁት።

ሰኞ ስም ስጠራ እሱን አሥራ አንደኛ አደርገዋለሁ።