ሱሀይብና ማናልሞሽ በሁለት መኪና

ሚዛን ተፈሪ፣ ሐምሌ 26 ቀን 1999 ዓ.ም.

የጠዋት ቆጠራ፦ ኮረሪማ አራት ጆንያ፤ አንዱን እርጥበት ነክቶታል፣ ፀሐይ ብልጭ ሲል ይሰጣ። ጥምዝ የሚባለው ቅመም ግማሽ ጆንያ። የሸኮ ማር ሁለት ጀሪካን። ከቱም ከተማ የምትመጣው መኪና በጭቃ ተይዛ አልገባችም። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም።

ለተከበሩ አቶ ባየ
የሚሊኒየም የልጆች የክረምት ካምፕ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የሐምሌ ብርድ ጉልበትዎን ሳይደፍር፣ ጉንፋንም ደጅዎን ሳይረግጥ፣ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር፣ ማለትም ከአንድ ገበታ ከሚበላው ቤተሰብዎ ጋር፣ በደህና ሰንብተው ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። ከላይ ያለውን የኮረሪማና የማር ቆጠራ በይቅርታ ይዝለሉት። ይህን የጻፍኩት በዕለት ማስታወሻዬ ላይ ሲሆን፣ ብዕሬ ደግሞ ቀኑንና ዕቃውን ሳላስቀድም አልንቀሳቀስም የሚል የነጋዴ ብዕር ነው።

ጀይላን እባላለሁ። በገበያው መግቢያ ኮረሪማና ማር እነግዳለሁ፤ ባለፈው ጥር በቴፒ መንገድ መኪና ተገልብጦበት የሞተው የዐብዱልጀባር ታላቅ ወንድም ነኝ። ለቅሶው ላይ መጥተው ከእኔ አጠገብ ተቀምጠው አጽናንተውኛል፤ ስለዚያ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ማን የየትኛው ወገን እንደሆነ ዝርዝር ይዞ የቆመ ሰው አልነበረም።

ዐብዱልጀባር ሁለት ልጆች ትቷል። ሱሀይብ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ማናልሞሽ ስምንት። እናታቸው አሰጋሽ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናት፤ ወንድሜ ሙስሊም ነበር። ሁለቱ ሲጋቡ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ብዙ ከተከራከሩ በኋላ የስም ነገር በተራ ይሁን ብለው ጨረሱ፤ የመጀመሪያውን ልጅ አባት፣ ሁለተኛውን እናት ይሰይሙ ተባለ። እንደዚያው ሆነ። በዚያ ቤት ከስም በቀር በተራ የተደረገ ነገር አልነበረም፤ በዓል ሲመጣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ልጆቹም ከሁለቱም ይበላሉ። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አንደኛ፦ ስለ ሰንጋው አመሰግናለሁ። ባለፉት ዓመታት ልጆቻችን በክረምቱ ዕረፍት በትምህርት ቤቱ ግቢ አብረው ሲሰነብቱ ሥጋ የሚባል አይቀርብላቸውም ነበር። ምክንያቱን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። ስለዚህ ወጥ ቤቱን የያዙት ወይዘሮ በየነችና ወይዘሮ ሹክሪያ ገና በመጀመሪያው ዓመት ተመካክረው ሥጋን ከድስቱ አስወጡት። ጎደሬ ከቦሎቄ ጋር፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ ሙዝ እንደ ልብ። ሥጋ አማረኝ ብሎ የሚያለቃቅስ ልጅ ሲገኝ ወይዘሮ በየነች፣ «ሥጋ እናትህ ቤት አለ፤ እዚህ ያለው ጓደኛ ነው፣ እሱን ጠግበህ ሂድ» ይሉት ነበር።

ዘንድሮ ግን እርስዎ፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ስለሆነ ቦሎቄ ለእንዲህ ያለው ዘመን አይመጥንም ብለው፣ ከአንድ ለጋስ ሰው የሰባ ሰንጋ አስገኙ። ሰንጋው ቀንዱ ላይ አበባ ታስሮለት ሲገባ ሁላችንም አጨብጭበናል። ማን ይረደው የሚለው ጥያቄ የተነሣው ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ አንዱ ስብሰባ ሌላ ስብሰባ እየወለደ፣ አንድ ሰንጋ በሁለት ቢላ የሚታረድበት ዘዴ ባለመገኘቱ፣ ልጆቹ በሁለት ካምፕ እንዲከፈሉ ተወሰነ። የፕሮቴስታንት ወላጆች ጸሎታችን ለብቻ ነው ሲሉ ሦስተኛ ድንኳን ተጨመረላቸው። የአራቱ የካቶሊክ ልጆች ጉዳይ ደግሞ እንደሰማሁት እስከ ዛሬ በንዑስ ኮሚቴ እየታየ ነው። ሰንጋው? በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እየጋጠ ይወፍራል። የመጀመሪያው ዙር አልቆ ልጆቹ ሲመለሱ አንድም ሰው አልቀመሰውም። ኮሚቴው እጁን ካሳረፈበት ሁሉ ሳይከፋፈል የቀረ እሱ ብቻ ነው።

ፍርሃትዎን አልንቅም። ባለፈው መስከረም ከወደ ጅማ የሰማነው ክፉ ወሬ የእኔንም እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር፤ ዘመዶች አሉኝ። በስብሰባው ላይም «እኔ ሰብሳቢ ሆኜ በሃይማኖት ምክንያት አንድም ልጅ አይነካብኝም» ማለትዎን ነግረውኛል። እውነት ነው፤ አንድም ልጅ አልተደበደበም።

ሁለተኛ፦ ስለ ድልድሉ ፍጥነት አመሰግናለሁ። በመሄጃው ቀን ጠዋት ሁለት የጭነት መኪናዎች በሩ ላይ ቆመው፣ የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ አለሙ ጃንጥላ ሥር ሆነው ስም ይጠሩ ነበር። የእያንዳንዱን ልጅ ሃይማኖት መጠየቅ ጊዜ ስለሚፈጅ ልጆቹ በስማቸው ተለዩ። ሱሀይብ ወደ ቀኙ መኪና፣ ማናልሞሽ ወደ ግራው። ከሁለቱም ስም ቀጥሎ ዐብዱልጀባር የሚል ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ዝናቡ ስለበረታ እስከ አባት ስም ድረስ ለማንበብ አልተመቸም። አሰጋሽ ነጠላዋን ተከናንባ ቀርባ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ወንድምና እህት ናቸው» ብትላቸው፣ አቶ አለሙ በትሕትና፣ «እህቴ፣ የወንድምና የእህት መኪና አልተመደበልንም» ብለው መለሱላት። እኔ ያን ቀን ማር ልገዛ ሸኮ ወርጄ ነበር። ማታ ስመለስ አሰጋሽ ይህን ስትነግረኝ፣ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲመልስ ራሱን አይሰማም ወይ ብዬ ገረመኝ።

ሦስተኛ፦ ስለ ጥበቃው ጥንካሬ አመሰግናለሁ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ማናልሞሽ የወንድሟን የሹራብ እጅጌ ሳትጨብጥ እንቅልፍ አይወስዳትም። በካምፑ ይህን የሚያውቀው ሱሀይብ ብቻ ስለነበር፣ የተጠበሰ በቆሎ ሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ፣ ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሮ፣ በሁለቱ ካምፖች መካከል ያለውን ድልድይ ተሻግሮ የእህቱ ካምፕ በር ላይ ቆመ። ዘበኛው፣ «አንተ የማን ነህ?» አለው።

«የማናልሞሽ።»

«የየትኛው ካምፕ ልጅ ነህ ነው የምልህ!»

«የማናልሞሽ ነኝ አልኩ እኮ።»

ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ማስገባት ስላልተፈቀደለት በቆሎውንና ሹራቡን ተቀብሎ መለሰው፤ ሁለቱንም ለማናልሞሽ አደረሰላት። አጠገቧ የነበሩት ልጆች ግን ከየት መጣ ብለው ጠየቁ፤ ከማዶ ካምፕ ነው ሲባል «የእነሱን አንበላም» አሉ። በቆሎን ቢላ እንደማያርደው ለእነዚህ ሕፃናት የነገራቸው ሰው አልነበረም። ማናልሞሽ እንዳይስቁባት በቆሎውን አጥር ሥር ጣለችው። ሹራቡን ጨብጣ ተኝታ እንደሆነ ብጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አራተኛ፦ ስለ ገበታው። እዚህ ላይ ምስጋናዬን እንዴት አድርጌ እንደማሳምረው ቸግሮኛልና የሆነውን ብቻ ልጻፍ።

ልጆቹ በተመለሱበት ማታ እቤታቸው ነበርኩ። አሰጋሽ እንደ ወትሮው በአንድ ትሪ እራት አቀረበች፤ ድንች ወጥ ነው። ሱሀይብ «ቢስሚላህ» ብሎ ጀመረ። ማናልሞሽ የዘረጋችውን እጅ መልሳ ጉያዋ ከተተችው።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት እናቷ።

«አሁን የእሱ ሆነ» አለች።

ሱሀይብ ሳቀ፤ ትንሽ ቆይቶ ፊቷን ሲያይ መሳቁን ተወ። አሰጋሽ ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ ሌላ ሳህን ይዛ ተመለሰችና ከአንዱ ትሪ ቀንሳ ለልጅቷ ለብቻዋ አደረገችላት።

በማግስቱ በሁለቱ ካምፖች ያስተማሩትን ቄስና ኡስታዝ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሁለቱም ደነገጡ። አንዳቸውም ስለ ሌላው ክፉ አላስተማሩም፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አስተማሩ፣ ይህም ግዴታቸው ነው። የቀረውን ልጆቹ ከሁለቱ መኪናዎች ተማሩት።

ያን ማታ ከእራት በኋላ ማናልሞሽ ጭኔ ላይ ተደግፋ በጆሮዬ፣ «አጎቴ፣ አባባ የእሱ ብቻ ነው እንዴ? አባባ ያለበት እኔን አያስገቡኝም አሉ» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«ልጆቹ። ስምሽ የዚያ አይደለም አሉኝ።»

ሱሀይብ ሰምቶ ኖሮ፣ ከተቀመጠበት ቀና ሳይል፣ «እማማስ? እማማ የእሷ ብቻ ናት ማለት ነው?» አለ።

ክቡር ሆይ፣

በሽምግልና ብዙ ውርስ አካፍያለሁ። የቡና መሬት፣ ቤት፣ ጫካ ውስጥ የተሰቀለ ቀፎ ሳይቀር። ወንድማማቾች በአንድ የሾላ ዛፍ ሲካሰሱ ዓመት ያልፋል፤ በመሀል አንዱ ይሞታል፣ ልጆቹ ክሱን ይወርሳሉ። እርስዎ ግን በአንድ ጠዋት፣ በዝናብ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ የሞተውን አባት ለወንዱ፣ በሕይወት ያለችውን እናት ለሴቷ አካፍለው አሰናበቷቸው። እንዲህ ያለ የተፋጠነ ክፍፍል በዕድሜዬ አላየሁም። ዛሬም ሁለቱ ልጆች በሁለት ሳህን ይበላሉ። እናታቸው መሀል ላይ ተቀምጣ ከየትኛው እንደምትጎርስ ግራ ገብቷት፣ ሁለቱ በልተው እስኪነሡ ትጠብቃለች።

አሁን አንድ ልመና አለኝ፤ ከነጋዴ የመጣ ስለሆነ ከስሜት ይልቅ ስሌት ይበዛዋል። እነዚሁ ልጆች የሚገቡበት ሁለተኛው ዙር ነሐሴ አንድ ቀን ይጀመራል። ያው ቀን የፍልሰታ ጾም የሚገባበት ቀን ነው። ስለዚህ ያን ሰንጋ የፈለገው እጅ ቢያርደው የኦርቶዶክስ ልጆች አይበሉትም። ካምፑን ለሁለት የከፈለው ሥጋ በዚህ ዙር ድስት ውስጥ የማይገባ ከሆነ፣ ልጆቹ አሁንም የሚለዩት ስለ ምን እንደሆነ ኮሚቴው ያስረዳን። የሚለያቸው ነገር ከሌለ ግን ጎደሬውንና ቦሎቄውን እኔ አቀርባለሁ፤ ወይዘሮ በየነችና ወይዘሮ ሹክሪያም ጠይቄአቸው እሺ ብለዋል። የጸሎት ሰዓት ሲደርስ እያንዳንዱ ልጅ ወደ አስተማሪው ይሂድ፤ ሲጨርስ ወደ ጓደኞቹ ይመለስ። ከዘንድሮ በፊት እንዲሁ ነበር፤ ማንም አልከፋውም። ይህ የማይቻል ከሆነ ሱሀይብንና ማናልሞሽን ከዝርዝርዎ ይሰርዙልን። በሚቀጥለው ዙር ምን ተከፍለው እንደሚመጡ ለማየት አቅሙ የለንም፤ የቀራቸው መልካቸው ነው፣ እሱም አንድ ዓይነት ነው።

ልጆቻችንን ወገን በወገን ለይተው፣ ሳይጎድሉ ቆጥረው ላስረከቡን ለእርስዎና ለክቡር ኮሚቴዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ መጪው ሺህ ዓመት በቃለ ጉባኤ የተሞላ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ጀይላን፣
ኮሚቴው የየትኛቸው አጎት እንደሆንኩ እስኪወስን ድረስ
የሱሀይብም የማናልሞሽም አጎት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ በየነችና ለወይዘሮ ሹክሪያ፣ ድስቱ አቧራ እንዳይጠጣ
ለገበያተኛው ሕዝብ፣ በሱቄ በር ላይ ተለጥፏል

ተጨማሪ፦ በመዝጊያው ዕለት ለልጆቹ ስላደሏቸው ቲሸርቶች ማመስገን ረስቼ ነበር። ለአንደኛው ካምፕ ነጭ፣ ለሁለተኛው አረንጓዴ፣ በሁለቱም ደረት ላይ «አንድነታችን ውበታችን» ተብሎ መጻፉን አይተናል። አሰጋሽ ሁለቱን በአንድ ሳፋ ስታጥብ አረንጓዴው ቀለሙን ለቅቆ ነጩን ነክቶታል። የተፈጸመው ሳይታሰብ ስለሆነ፣ ይህች ጥፋት በኮሚቴው ዘንድ በቅሬታ እንዳትያዝብን በትሕትና አሳስባለሁ።

ነገ የሚሠራ፦ ዓርብ ነው፤ ከጁምዓ በፊት ሱሀይብንም ማናልሞሽንም ይዞ ወደ ዐብዱልጀባር መቃብር መሄድ። ሣሩ በዝናቡ አድጓልና ማጭድ መሳል። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ጠዋት ከኑዕማን ሱቅ ለማናልሞሽ ቦቲ ጫማ መግዛት።